በቅርጫት ጀልባ በውሃ ኮኮናት ደን ውስጥ

በገበቴ ተቀምጣችሁ ወንዝ ተሻገሩ ብሎ የሚመክራችሁ ሰው ቢመጣ መቼም ጤንነቱን መጠርጠራችሁ አይቀርም። እኔም ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን ኖሮ እጠረጥር ነበር። ባለፈው መጋቢት ወር ግን በቬትናም አገር መካከለኛ ክፍል በምትገኝ አንዲት የወንዝ ዳር መንደር፣ ገበቴ በሚመስል ክብ የቀርከሃ ቅርጫት ተቀምጬ፣ ሥሩን በውሃ ውስጥ በሰደደ ደን መካከል አንድ ሰዓት ላልሞላ ጊዜ ተንሳፍፌ በደኅና ተመልሻለሁ።

ወደዚያ አገር የሄድሁት ለሥራ ነበር። ከአንዲት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ጋር ዳ ናንግ በምትባለው የወደብ ከተማ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ተልከን ሳለ አንድ እሑድ ዕረፍት ተሰጠን። ባልደረባዬ ገበያ እንውጣ ስትል፣ እኔ ደግሞ እንቅልፌን ልጥገብ ስል ስንከራከር፣ በሥልጠናው ላይ ያስተረጕምልን የነበረው ወጣት ሰማንና፣ «የቅርጫት ጀልባ ሳትሳፈሩ ከሄዳችሁ እናቴ ትቀየመኛለች» አለን። እናቱ የዚያችው መንደር ተወላጅ ኖረዋል። ነገር በእናት ከመጣ ምን መልስ አለው? ተነሣን።

ከዳ ናንግ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሆይ አን የምትባለው ጥንታዊት ከተማ ትገኛለች። ከ15ኛው እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ የቻይና፣ የጃፓንና የሌሎች አገሮች ነጋዴዎች መርከባቸውን የሚያቆሙባት የንግድ ወደብ ስለነበረች፣ አሮጌው ክፍሏ በ1999 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለ ቢጫ ግድግዳዎቿና ስለ ሐር ፋኖሶቿ ብዙ የተጻፈ ስለሆነ እኔ አልጨምርበትም፤ እኛም በመኪና መስኮት አየት አድርገናት ነው ያለፍነው። መንገዳችን ከአሮጌው ከተማ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ፈንጠር ብላ፣ ቱ ቦን የተባለው ወንዝ ከባሕር ጋር ሊገናኝ ሲቃረብ ወደምትገኘው ወደ ካም ታን ነበር።

ከወንዙ ዳርቻ ስንደርስ መጀመሪያ ያየነው ተደፍተው ፀሐይ የሚሞቁትን ቅርጫቶች ነው። የሠርግ ቤት ሰፌድ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ሜትር ያህል መስፋቱ ነው። የአገሩ ሰዎች ቱንግ ቻይ ይሉታል። አንዱን ገልብጠው ውሃው ላይ ሲያስቀምጡልን ዞር ዞር ብዬ አየሁትና «ፊቱ በየት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አስተርጓሚያችን ሳቀ። ፊት የለውም፤ ቀዛፊው የተቀመጠበት ወገን ፊት ይሆናል።

እውነቱን ልናገርና እኔ ውሃ እፈራለሁ። አዲስ አበባ ተወልጄ አዲስ አበባ ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ ከክረምት ጐርፍ የበለጠ ውሃ በቅርብ አላየሁም ነበር። ባልደረባዬ ግን የባሕር ዳር ልጅ ናት። «ደንገል ታስሮ ታንኳ ሲሆን እያየሁ ያደግሁ ሰው ይኼን እፈራለሁ?» ብላ ዘልላ ገባች። ቅርጫቱ ወደ አንድ ወገን ተንጋደደ፤ እኔ በምድር ላይ ቆሜ እሷ በውሃ ላይ ሆና፣ የጮህሁት እኔ ነኝ።

ቀዛፊያችን ሴት ነበሩ። ከፀሐይ የሚከልል ሾጣጣ የቅጠል ቆብ ደፍተዋል፤ እጃቸው በሥራ ብዛት የጠነከረ፣ ፊታቸው ግን ሳቅ የማያጣው ነው። እጄን ይዘው ካስገቡኝና መሐል ካለችው ጣውላ ላይ ካስቀመጡኝ በኋላ የመጀመሪያ ንግግራቸው «ስንት ዓመትሽ ነው?» የሚል ሆነ። ቅር ሊለኝ ሲል አስተርጓሚው ነገሩን አስረዳን። በቬትናም ቋንቋ ለማንም ሰው የሚሆን አንድ «አንቺ» የሚባል የተለመደ ቃል የለም፤ ሰው ሰውን የሚጠራው አክስት፣ አጎት፣ ታላቅ፣ ታናሽ እያለ በዝምድና ስም ነውና ዕድሜ ሳይታወቅ ጨዋታ መጀመር ያስቸግራል። እኔ 41 አልሁ። እሳቸው 52 ኖረዋል። እንግዲያው እሳቸው ታላቅ እህት፣ እኔ ታናሽ እህት ሆንን። ይህማ የእኛው «እትዬ» ነው! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እትዬ አልኋቸው፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ ነው የምጠራቸው።

አስተርጓሚያችን በሌላ ቅርጫት ከጐናችን ሆኖ ጉዞ ጀመርን። ጀልባ ሲባል ቀዛፊው ከኋላ የሚገፋው ይመስለኝ ነበር። እትዬ ግን ከፊት ተቀምጠው አንዲቱን መቅዘፊያ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጫፏን ከውሃው ሳያወጡ ግራና ቀኝ እያጣጠፉ የስምንት ቍጥር ይሥሉባታል። ቅርጫቱ ወደ መቅዘፊያዋ እየተሳበ ይከተላቸዋል። ቀላል መስሎኝ «እስቲ ልሞክር» ብዬ ተቀበልኋቸው። ሦስት ጊዜ እዚያው ዞርን። መልሼ ሰጠኋቸው።

ወደ ደኑ ስንገባ ሙቀቱም ጫጫታውም ድንገት ቀረ። ይህ ደን ኮኮናት ተብሎ ይጠራ እንጂ በሥዕል ላይ የምናውቀው፣ በባሕር ዳር አሸዋ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ረጅም ዛፍ አይደለም። የአገሩ ሰዎች «የውሃ ኮኮናት» ይሉታል፤ የዘንባባ ዘር ሆኖ የወንዝ ጣፋጭ ውሃና የባሕር ጨዋማ ውሃ በሚቀላቀሉበት ረግረግ የሚበቅል ነው። ግንዱ አይታይም፤ ጭቃ ውስጥ ተጋድሞ ይኖራል። ከጭቃው የሚወጡት ቅጠሎቹ ብቻ ሲሆኑ እስከ 9 ሜትር የሚረዝሙ አሉ። በግራና በቀኝ ተነሥተው ከላይ ስለሚገናኙ ቅርጫታችን የምታልፍበት መንገድ ዳስ ይመስል ነበር። ፍሬው የሰው ራስ የሚያህል ቡናማ ዘለላ ነው። እትዬ አንዱን ሰንጥቀው ለጋውን ቀመስነው፤ ነጣ ያለ፣ የሚያሟልጭ፣ ጣዕሙ ለስለስ ያለ ነው። ለእኔ ስኳር ቢጨመርበት ይሻላል፤ እነሱም ብዙውን ጊዜ በስኳርና በበረዶ ነው የሚበሉት።

የደኑ ስም ባይ ማው ሲሆን ትርጉሙ «ሰባት ማው» ማለት ነው። ማው የመሬት መለኪያ ነው፤ እኛ ጋሻና ጥማድ እንደምንለው። በዚያ አካባቢ አንዱ ማው ግማሽ ሄክታር ያህል ነው። የተከሉትም የጥንት አባቶች ዘሩን ከደቡብ አምጥተው ነው ይባላል። ደኑ ዛሬ ከስሙ እጅግ ይበልጣል። ሥሩ ጭቃውን አንቆ ስለሚይዝ ወንዙ ዳርቻውን እንዳይበላ ያግዳል፤ ሸርጣኑ፣ ሽሪምፑና ዓሣው የሚራባው በእሱ ሥር ነው፤ ማዕበል ሲነሣ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን የሚደብቁት በመካከሉ ነው። ቅጠሉ ደግሞ የቤት ክዳን ነው። በካም ታን ቤትን በቀርከሃ አዋቅሮ በዚህ ቅጠል መክደን ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ሙያ ነው። ሆይ አን ከባሕሩ ማዶ ካሉት የቻም ደሴቶች ጋር በ2009 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆና ተመዝግባለች።

ስለ ጀልባዋ አሠራር ትንሽ ሰፋ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እኔን እጅግ የገረመኝ ይኸው ነው። ቀርከሃው ለጋም ያረጀም እንዳይሆን ተመርጦ ይቈረጣል። ተሰንጥቆ፣ ተፍቆ፣ ፀሐይ መትቶት እንደ ትልቅ ሰሌን ይታታል። የተታታው ሰሌን ክብ ቅርጽ እንዲይዝ እየተረገጠና እየተጫኑት ወደ ውስጥ ይጐደጕዳል፤ ዳር ዳሩ በወፍራም የቀርከሃ ቀለበት ተይዞ በጠንካራ ገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። እስከዚህ ድረስ የስፌት ሥራ ነው፤ ውሃ ግን ያስገባል። ታዲያ በምን ይደፈናል ብትሉ፣ በላም እበት! ትኩሱን እበት እየለቀለቁ ቀዳዳውን ሁሉ ከደፈኑ በኋላ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። በላዩ ከአንድ ትልቅ የደን ዛፍ የሚንጠባጠበውን እንደ ሙጫ ያለ ዘይት ደጋግመው ይቀቡታል። ሲደርቅ ውሃ አያስገባም።

ይህን ስሰማ አያቴ ትዝ አለችኝ። አያቴ የቀርከሃ ጎተራዋን በየዓመቱ በእበት ስትለስን፣ እኛ የከተማ ልጆች ለዕረፍት ሄደን አፍንጫችንን እየያዝን ስንሸሽ «እህሉን ከነቀዝ የሚጠብቅ እሱ ነው፤ ዳቦ ስትበሉ ግን አፍንጫችሁን አትይዙም» ትለን ነበር። ለእትዬ ነገርኋቸው። መቅዘፊያቸውን አቁመው በጣም ሳቁ። የእሳቸውም አማት ከእበቱ ለሸሸ ሰው ተመሳሳይ ነገር ይናገራሉ አሉ። ዛሬ በፕላስቲክና በፋይበር የሚሠሩ ቅርጫቶች እየበዙ ነው፤ ቀላልና ብዙ ዓመት የሚቈዩ ናቸው። እትዬ ግን በዘይት የተቀባችውን ይመርጣሉ። ድንጋይ ስትነካ እጥፍ ብላ ትመለሳለች እንጂ አትሰነጠቅም ይላሉ።

ቅርጫት ለምን ጀልባ ሆነ ለሚለው የመንደሩ ሰዎች የሚያወሩት ታሪክ አላቸው። ፈረንሳዮች አገሩን በያዙበት ዘመን በጀልባ ላይ ቀረጥ ተጣለ። ድኻው ዓሣ አጥማጅ መክፈል ሲያቅተው ይህን ሠራና ቀረጥ ሰብሳቢው ሲመጣ «ይኼማ ቅርጫት ነው» አለው ይባላል። ታሪኩ እንደተነገረው ይሁን አይሁን፣ ስትሰሙት ግን ደስ ይላል።

እየተጨዋወትን ከጠባቡ መንገድ ወጥተን ወንዙ ሰፋ ወዳለበት ስንደርስ የደኑ ጸጥታ እዚያው ቀረ። ድምፅ ማጉያ ይጮኻል፤ አርባ ወይም ሃምሳ ቅርጫቶች ተሰብስበዋል፤ በመካከላቸው አንድ ጐልማሳ ቅርጫቱን በመቅዘፊያ እንደ እንዝርት ያሾራታል። ወገቡን እያወዛወዘ ጫፏን ከውሃ እስክትነሣ ድረስ ያጋድላታል፤ ጐብኚዎች ያጨበጭባሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ ገንዘብ ይሰጣሉ። ሌላው ቆሞ ሰፊ መረብ ይወረውራል፤ መረቡ በአየር ላይ ተዘርግቶ ሲወርድ የሚያምር ነው፤ ዓሣ ግን አልያዘም፤ የያዘለት የሚፈልግም አልነበረም።

እኔ ተናደድሁ። እንዲህ ያለውን ጸጥተኛ ስፍራ በሙዚቃ ማደንቈር ምን ይባላል ብዬ በአማርኛ አጕረመረምሁ። እትዬ ቃሉን ባይሰሙም ፊቴን አይተው ኖሮ አስተርጓሚውን ጠየቁት። ሲነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና፣ «ታናሽ እህቴ፣ እኔንም ራሴን ያመኛል። ጸጥ ሲል ግን ሌላ ነገር ያመኛል» አሉ።

ጸጥታውን አይተውታል። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ምክንያት አገሩ ለውጭ ጐብኚዎች ከተዘጋ በኋላ እስከ መጋቢት 2022 ድረስ የተሟላ መክፈቻ አልነበረም። በዚያ ሁለት ዓመት ቅርጫቶቹ ተደፍተው ከረሙ። ወንዶቹ ወደ ዓሣው ተመለሱ፤ እትዬ ቅጠል እየቈረጡ ለቤት ክዳን ይሸጡ ነበር። ቤት የሚያሠራው ሰው ግን ስንት ነው? ሴት ልጃቸው ዳ ናንግ የነርስነት ትምህርት ጀምራ ነበርና «አቋርጬ ሥራ ልያዝ» ስትል እትዬ እንቢ አሉ። የሠርጋቸውን የወርቅ ቀለበት ሸጡ። ልጅቷ ጨርሳ ዛሬ ሥራ ላይ ናት። ይህን ሲናገሩ እጃቸው አልቆመም፤ እኔ ግን ስለ ሙዚቃው ያጕረመረምሁበት አፌን የማስገባበት ጠፋኝ።

ባልደረባዬ በበኩሏ «እኛንም ያሹሩን!» ብላ ጮኸች። እትዬ እኔን ተመለከቱኝ። እንግዲህ እንቢ ብል የሰውየዋን እንጀራ የነካሁ መሰለኝና ዓይኔን ጨፍኜ ራሴን ነቀነቅሁ። ምን ያህል ጊዜ እንደዞርን አላውቅም። የማውቀው የባልደረባዬን ቀሚስ በጥርሴ ጭምር መያዜን ነው። ስንቆም ሰማዩ ገና ይዞር ነበር፤ እትዬም እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ ለረጅም ጊዜ እንዲያ አልሳቅሁም።

ወደ ደኑ ስንመለስ በቀርከሃ ዘንግ ጫፍ ላይ ክርና ማጥመጃ ምግብ አድርገው ሸርጣን እንድናጠምድ ሰጡን። ሸርጣኑ ከጭቃው ቀዳዳ ወጥቶ በጥፍሩ ሲይዘው ቀስ ብሎ ማንሣት ነው። ሐምራዊ የሚመስሉ ትንንሾች ናቸው፤ አንዱን አንሥተን አየነውና ወደ ቤቱ መለስነው። በዚህ መካከል እትዬ ከቅጠሉ አንዲት ሰበዝ ሰንጥቀው ጣቶቻቸውን ሳያዩ አንድ ነገር ያጣጥፉ ነበር። ቀለበት ሆነ። በላዩ ትንሽ ፌንጣ ቁጭ ብላበታለች። ዘረጉልኝ።

እዚህ ላይ አንድ ያሳፈረኝን ነገር ልናዘዝ። እጄ ወደ ቀለበቱ ከመሄዱ በፊት ወደ ቦርሳዬ ሄደ፤ ወስጄ ልከፍል ሳይሆን ቦርሳዬን ልዘጋ። በቱሪስት ቦታ ሁሉ ነገር በዋጋ ነው ብዬ ስለማስብ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» አልሁ። አስተርጓሚያችን ቀስ ብሎ «የሚሸጥ አይደለም። ቅድም ሴት ልጅ አለችኝ ስላልሻቸው ለእሷ የሠሩት ነው» አለኝ። የገባሁበት ጠፋኝ። በሁለት እጄ ተቀብዬ ጐንበስ ብዬ አመሰገንሁ። እትዬ እንዳላየ ሆነው ወደ ፊት መቅዘፋቸውን ቀጠሉ።

ቅጠሉ እጅግ ጥቅጥቅ ያለበት፣ ከፀሐይ ብርሃን ጭላንጭል ብቻ የሚገባበት ቦታ ስንደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከፈረንሳዮች ጋር፣ ኋላም ከአሜሪካ ጦር ጋር በተደረጉት ጦርነቶች ይህ ደን የተዋጊዎች መሸሸጊያ ነበር። ጦርነቱ ያበቃው በሚያዝያ 1975 እ.ኤ.አ. ነው፤ እትዬ ያን ጊዜ ገና ዳዴ ይሉ ነበር። እናታቸው ሌሊት ሌሊት በእንዲህ ያለ ቅርጫት ሩዝ ያደርሱ እንደነበር፣ እትዬን ከእግራቸው ሥር አስተኝተው በላያቸው ላይ ቅጠል ይከምሩ እንደነበር ነገሩን። «እኔ ምንም አላስታውስም። እናቴ ግን አለቀስሽ ብላ እስክትሞት ድረስ ስትወቅሰኝ ኖረች» አሉ። ሳቁ። እኛ አልሳቅንም።

ቅርጫቷ ዛሬም ከጨዋታ ሌላ ሥራ አላት። በዚያ አገር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ዝናብና ማዕበል ይበዛል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር መጨረሻ ቱ ቦን ሞልቶ ሆይ አንን ከባድ ጐርፍ አጥለቅልቋት ነበር። የእትዬ ቅርጫት በዚያ ሌሊት በቤታቸው በር ላይ ታስራ ነበርና አማታቸውን ያወጡት በእሷ ነው። ሁለተኛ ተመልሰው ያወጡት ደግሞ ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የስፌት መኪናቸውን ነው አሉ። ይህን ያህል እናቶች ሁላችሁም ትረዱታላችሁ።

ዕድሉ ገጥሟችሁ ወደዚያ የምትሄዱ ብትኖሩ ከየካቲት እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ይሻላል። ሁካታውን ለመሸሽ በማለዳ መሄድ ነው፤ ከረፋድ በኋላ ጐብኚው ይጐርፋል። ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ ይሰጧችኋል፤ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ማሰሪያውን ራሳችሁ እየሳባችሁ አጥብቁት፤ ልጁም መሐል እንዲቀመጥ አድርጉ። ነጠላ ብትይዙ ከፀሐይም ያስጥላል፣ በቅርጫቷ ወለል የሚቀር ውሃ ቢነካችሁም ማድረቂያ ይሆናል። ባለ ተረከዝ ጫማ አይሆንም፤ ባልደረባዬ አድርጋ ሄዳ ተቀጥታለች። መዞር ካልፈለጋችሁም ለቀዛፊው አስቀድሞ መንገር ይቻላል፤ አያስቀይምም።

ወደ ዳርቻው ስንመለስ እትዬ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ባልደረባዬን እጃችንን ይዘው አወጡን። ከቲኬቱ ውጪ የያዝሁትን ገንዘብ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ በዚያም አገር ልማዱ እንደ እኛው ነው። ሳይቈጥሩት ወደ ኪሳቸው ከተቱና ቅርጫቷን እየገፉ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ። ከፊታቸው አሥራ አንድ ቅርጫቶች ነበሩ።

ቀለበቱ ለልጄ ትንሽ ሰፍቷታል። መንገድ ላይ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ አሁን ደግሞ ደርቆ ቡናማ ሆኗል፤ የፌንጣዋም አንድ እግር ወልቋል። ልጄ ትለመልማለች ብላ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርጋ መስኮቱ ላይ አስቀምጣታለች፤ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ውሃውን ትቀይራለች።